ሚሊሻው ኤቤንዘርና የአቶ ዓብዩ ፊታውራሪ

ዘሩን የማያውቅ ሰው፣ ሰው ነኝ ብሎ በአደባባይ ሊቆም አይገባውም። ይህን የከበረ ቁም ነገር ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአካባቢዋ ሕዝብ ሳይሰለቹ ያስተማሩት አቶ ዓብዩ ፀሐዩ ናቸው። አቶ ዓብዩ በቀን ዲሲ መሀል ያለ የአንድ መኪና ማቆሚያ ሱፐርቫይዘር ነበሩ፤ በተረፈው ጊዜያቸው ደግሞ የፊታውራሪ ዘር ነበሩ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ለመጀመሪያው ሥራ ሲሆን የሚደክሙበት ግን ሁለተኛው ነው። ለቅሶ ቤት ይሁን ክርስትና፣ ጨዋታው ስለ በረዶ ይሁን ስለ ሞርጌጅ፣ እንደ ምንም ጠምዝዘው «እኛ እንኳ የፊታውራሪ ዘር ነን» ከምትለው ላይ ያደርሱታል። የትኛው ፊታውራሪ ብሎ የጠየቃቸው የለም። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ሰው ሥራ አለው።

እንዲህ ተከብረው በሚኖሩበት፣ በ2011 የፋሲካ ሰሞን፣ አንድ ልጃቸው ሳሌም ከሥራ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ዳዲ፣ ኔተን ሊያገባኝ ይፈልጋል። አይ ሚን፣ እኔም እፈልጋለሁ።»

«ኔተን የማን ልጅ ነው?»

«የሮበርት።»

«የየት ሰው ነው?»

«አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ ቨርጂኒያ።»

«እሱ አይደለም የጠየቅሁሽ። አገሩ የት ነው?»

«ዳዲ፣ ፈረንጅ ነው እኮ። አገሩ እዚህ ነው።»

አቶ ዓብዩ ውስጣቸው እምቢ አለ። አፋቸው ግን እምቢ ማለት አልቻለም፤ ምክንያቱም በቀደመው ዓመት በማኅበር አዳራሽ ውስጥ ማይክ ጨብጠው «ልጆቻችንን በግድ የምናጋባበት ዘመን አልፏል! ሥልጣኔ ወዴት አለህ እንበለው!» የሚል ንግግር አድርገው፣ ሰው ቆሞ አጨብጭቦላቸዋል። በሃይማኖት እንዳያሳብቡም ልጁ ክርስትና ለመነሳት ቀሲስ ዘንድ ትምህርት ከጀመረ ከርሟል። ስለዚህ አዋቂ ሰው እምቢ ሲል የሚለውን አሉ።

«ይቻላል። ግን በወጉ ነው። ሽማግሌ ይላክ፤ ሰባት ቤትም ይቆጠር።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ጸዳለ ከማድ ቤት ብቅ አሉ። ወይዘሮ ጸዳለ ስለ ዘራቸው አንድም ቀን አውርተው የማያውቁ፣ ሲወራም «የማን ዘር፣ ጎመን ዘር» ብለው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሴት ናቸው።

«ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምንድን ነው?»

«ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነዋ!»

«የይፋት ሰውና ፈረንጅ?»

«ጸዳለ፣ ሕግ ሕግ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

የአቶ ዓብዩ ስሌት ረቂቅ ነበር። በሃያ አምስት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ልምዳቸው ያጠኑት አንድ ነገር ቢኖር፣ አሜሪካዊ የመኪናውን ሞዴል ዓመት እንጂ የቅድመ አያቱን ስም አያውቅም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ እሳቸውም አዝነው «ምን ላድርግ፣ ወጉ ነው» ይላሉ፤ ልጅቱ ትንሽ ታለቅሳለች፤ ያልፋል። ሳሌም ግን ተነስታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ኦኬ። በወጉ ይሁን። አንተ ሳትመርቀኝ አላገባም ዳዲ። ግን እወቀው፣ ከእሱ ሌላ ማንንም አላገባም።»

እናቷን የመሰለች፣ ያለችውን የማትመልስ ልጅ ነች። አቶ ዓብዩም ይህን ያውቃሉ፤ ነገር ግን የፊታውራሪ ዘር ከቃሉ አይመለስም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ኔተን የሚልካቸው ሐበሻ ሽማግሌዎች የሉትም። አቶ ዓብዩም በታላቅ ቸርነት፣ ወደ ራሳቸው ቤት የሚላኩትን ሽማግሌዎች ራሳቸው መርጠው፣ ስልካቸውን ለልጁ ሰጡት። አንዱ ጋሽ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ በአገር ቤት የወረዳ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ጌይተርስበርግ ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ፣ በሕግ ግን ወላጅ እናታቸውን የማይምሩ ሰው። ሁለተኛው አቶ መስፍን ናቸው፤ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ፣ ሽምግልናና ምሳ ባለበት ሁሉ የማይጠፉ። ሁለቱም የአቶ ዓብዩን እንጀራ ለዓመታት በልተዋልና በፍርዳቸው አይጠረጠሩም።

ኔተን ሰባት ቤት ቁጠር ሲባል ተከፋ? ምን ተከፋ! ሎተሪ የወጣለት ሰው እንዲህ አይደሰትም። ለካስ ፈረንጅም ዘር መቁጠር ይወዳል፤ የሚጠይቀው አጥቶ ነው እንጂ። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከተመ፤ በአሮጌ መቃብር መሀል ድንጋይ እያበሰ ዞረ፤ የሰማንያ አራት ዓመት ሴት አያቱን፣ ሚስስ ኤሊነርን፣ ቁጭ ብድግ አስደረጋቸው። ሳሌም በየሳምንቱ «ዳዲ፣ አምስተኛው ላይ ደረሰ!»፣ «ዳዲ፣ ሰባተኛውን አገኘው!» እያለች ኮል ስታደርግ፣ አቶ ዓብዩ «ግሩም ነው» እያሉ ስልኩን ይዘጉና ለብቻቸው ግድግዳ ያያሉ።

ቀኑ ደረሰ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ አቶ መስፍን፣ ኔተንና ሴት አያቱ በሩ ላይ ቆሙ። ወጉ እንደሚያዘው ሽማግሌዎቹ ገብተውም አልተቀመጡም።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ዓብዩ፣ ማን እንደላካቸው የማያውቁ መስለው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

«ለምን ጉዳይ ይሆን የመጣችሁት?»

«አንተው ስልክ ደውለህ እሑድ በሰባት ሰዓት ኑ አላልከንም?» አሉ አቶ መስፍን።

ጋሽ ተክለሃይማኖት በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ሚስስ ኤሊነር ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋልና፣ ወጉ ሳያልቅ የአቶ ዓብዩ የግል ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ቁጭ አሉ። የሚያስነሳቸው አልተገኘም።

ቆጠራው ተጀመረ። ኔተን ከሳሌም የተማረውን አማርኛ አስተካክሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። «ኔተን የሮበርት ልጅ። ሮበርት የዋልተር ልጅ። ዋልተር የሄንሪ። ሄንሪ የቶማስ። ቶማስ የጆርጅ። ጆርጅ የሳሙኤል። ሳሙኤል የዳንኤል። ዳንኤል የኤቤንዘር።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ጣታቸውን እያጠፉ ሲከተሉ ቆይተው አንዱ እጅ አልበቃቸው ብሎ ወደ ሌላው ተሻግረዋል።

«ዘጠኝ! ልጄ፣ እኛ የጠየቅንህ ሰባት ነው።»

«ሁለቱ ምርቃት ናቸው» አለ ኔተን። ምርቃት ማለትን ያስተማረችው ሳሌም በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት ግንባራቸውን ቋጥረው። «ዳንኤል ብለሃል። ሳሙኤልም ብለሃል። እነዚህ የእኛም ስሞች ናቸው። ይህ ዳንኤል በሸዋ በኩል አልፎ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ ጋሽዬ።»

«ልጆቹስ? ለንግድም ቢሆን?»

«ከቨርጂኒያ አልወጡም።»

«ይመዝገብልን» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት፤ የሚመዘግብ ባይኖርም።

«እኔን ያሳሰበኝ ኤቤንዘር የሚለው ነው» አሉ አቶ መስፍን። «ጴንጤ ነበር እንዴ?»

«አቶ መስፍን፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው እኮ» አለች ሳሌም።

«ከሆነ ብዬ ነው።»

አቶ ዓብዩ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሲንሸራተት ታያቸው። ዘመድነት አልተገኘም፤ ቁጥሩ ሞልቷል። ወደ ሁለተኛው ምሽጋቸው አፈገፈጉ።

«ቁጥር ብቻውን ምን ያደርጋል! የስልክ ማውጫም ስም አለው። አጥንቱ ነው የሚጠየቀው። ይህ ኤቤንዘር የሚሉት ሰው ሥራው ምን ነበር?»

ኔተን ፊቱ በራ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ክረምቱን ሙሉ ተዘጋጅቷል። «ሚሊሻ ነበር!»

አይ የሰው ነገር! ልጁ እንደ ኩራት ያወጣት ቃል በአቶ ዓብዩ ጆሮ ስትገባ፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌ በር ላይ አሮጌ ጠብመንጃ አንግቶ፣ ሻሽ ጠምጥሞ፣ «አንተ! የት ትሄዳለህ?» እያለ ለሦስት ዓመት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያስቆማቸው የነበረ ሰውዬ ፊታቸው ላይ ድቅን አለ።

«የቀበሌ ሚሊሻ!» ብለው ተነሱ።

«የኮሎኒ ነው ዳዲ፤ አሜሪካ በእንግሊዝ ንጉሥ ስትገዛ።»

«ያው ነው። የተለወጠው ቀበሌው ነው። ማዕረግስ ነበረው?»

ሳሌም ብትተረጉምላቸው ሚስስ ኤሊነር ቀና ብለው «ካፕቴን» አሉ። ባለቤታቸው፣ አማታቸውም፣ በምስጋና ቀን ገበታ ላይ ዘላለም የሚሉት ይህንን ነበር።

«ግራንድማ» አለ ኔተን ቀስ ብሎ፤ «ተራ ወታደር ነበር። ነግሬሻለሁ።»

አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን ገላመጡት፤ ይህ ግልምጫ ትርጉም አላስፈለገውም።

ኔተን ግን እውነት ተናጋሪ ሆኖ ነው የተፈጠረውና ቀጠለ። ኤቤንዘር ጦርነት ገብቶ አያውቅም። እንዲያውም በልምምድ ቀን እየቀረ በተደጋጋሚ ተቀጥቷል። ለምን ቀረህ ሲባል፣ ሚስቴ ሃና ምጥ ይዟት ነው ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ቀረ፤ ሚስቴ ምጥ ይዟት ነው አለ። ሦስተኛ ጊዜ ቀረ፤ ሚስቴ ምጥ ይዟት ነው። አለቆቹ «ይህ ውሸታም!» ብለው አጣሪ ወደ እርሻው ቢልኩ፣ ሃና ሦስተኛዋን ልጅ ታቅፋ፣ ኤቤንዘር አጥሚት እያማሰለ ተገኘ። በመጨረሻ አሥራ አንድ ልጆች ወለዱ። ለአሥራ አንዱም ቤቱ ነበር።

ከማድ ቤቱ በር ወይዘሮ ጸዳለ ድምፃቸውን አሰሙ። «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ወታደር። ዓብዩ፣ ሳሌም ስትወለድ አንተ የት ነበርክ?»

«ደብል ሺፍት ነበረኝ።»

«መኪና ስታቆም ነበር።»

«አሁን ስለ እኔ አይደለም የሚወራው!» አሉ አቶ ዓብዩ። «ይህ ሰው ወደዚህ አገር እንዴት መጣ? እሱን ይንገረን።»

ኔተን አሁንም እውነቱን ተናገረ። የመርከብ መሳፈሪያ ስላልነበረው፣ ለአንድ ትምባሆ ገበሬ ሰባት ዓመት በነፃ ሊያገለግል ፈርሞ መጣ።

«አሽከር!» አቶ ዓብዩ ጠላታቸው በእጃቸው የገባ ያህል ፈኩ። «ሰማችሁ? ቃሉ ከራሱ አፍ ወጣ። አሽከር ነበር!»

«ታዲያ በዚያን ጊዜ ዲቪ አልነበረ» አሉ አቶ መስፍን። «ስፖንሰር ነው እኮ የሚባለው።»

የአቶ ዓብዩ አንደበት ግን ተፈቷል። አንገታቸውን አቀኑ፤ እጃቸውን ማይክ የያዙ ያህል ወደ አፋቸው አስጠጉ። «የተከበራችሁ ሽማግሌዎች! ሥልጣኔን የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በደምና በአጥንት የተጠበቀ ቤት አለኝ። እኔ የፊታውራሪ ዘር፣ አንድ ልጄን፣ ልምምድ ለሚሸሽ ሚሊሻና ለአሽከር ዘር አሳልፌ ብሰጥ፣ የአያቶቼ አጥንት ይወቅሰኛል። ልመርቅ አልችልም!»

የሳሌም እንባ ይወርድ ጀመር። ኔተን እጇን ያዘ። አቶ ዓብዩ የልጃቸውን እንባ ሲያዩ ቃላቸውን ቢውጡ ደስ ባላቸው፤ ግን ሰው ፊት የወጣ ፊታውራሪ እንዴት ተመልሶ ይገባል?

በዚህ መሀል ሚስስ ኤሊነር ከዚያ ከማይነሱበት ወንበር ላይ ሆነው በትሕትና አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

ሳሌም አፍንጫዋን ጠርጋ ተረጎመች። «የእኛን ሰማችሁ፤ አሁን ደግሞ የእናንተን ብንሰማ ደስ ይለኛል ነው የሚሉት።»

«እውነታቸውን ነው» አሉ የቀድሞው ዳኛ። «ሙግት በሁለት ወገን ነው። ዓብዩ፣ ቁጠር።»

አቶ ዓብዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዓብዩ የፀሐዩ። ፀሐዩ የሸዋዓለም። ሸዋዓለም የ...»

ቆሙ። እነሆ፣ መንገዱ እዚህ ያልቃል። አባታቸው ፀሐዩ በልጅነታቸው የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሸዋዓለም አባት የአንድ ፊታውራሪ አጋሰስ ነጂ ነበሩ። ያኔ ትንሹ ዓብዩ አፍሮ አልቅሷል። ካደጉ፣ ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ግን፣ አጋሰሶቹን አንድ በአንድ በየመንገዱ እየጣሉ ፊታውራሪውን ብቻ ይዘው ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። ስሙን ጠይቀው አያውቁም፤ አጋሰስ ነጂውንም፣ ፊታውራሪውንም።

«ሸዋዓለም የማን?» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ወደፊት አድርገው።

«የወልደገብርኤል» አሉ አቶ ዓብዩ ከየት እንዳመጡት ሳያውቁ። አሁን አንድ ፊታውራሪ ያስፈልጋል፤ ባለ ስም። ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት የፊታውራሪ ስም አንድ ብቻ ነበር፤ የት እንደሰሙት ግን ጨርሶ ጠፍቷቸዋል። «ወልደገብርኤል ደግሞ የፊታውራሪ ኃይለመለኮት ልጅ! የይፋቱ ፊታውራሪ ኃይለመለኮት!»

«ኦ-ሆ-ሆ!» አሉ አቶ መስፍን። «ስሙ ራሱ ያስፈራል!»

ማድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ወይዘሮ ጸዳለ እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ መጥተው መሀል ሳሎን ቆሙ።

«ማን ነው ያልከው?»

«ፊ... ፊታውራሪ ኃይለመለኮት።»

«የእናቴን አያት ነው የምትለው?»

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። አቶ ዓብዩ ያን ስም የት እንደሰሙት አሁን ትዝ አላቸው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ራሳቸው ሽማግሌ ልከው በቆሙበት ቀን፣ አማታቸው ወይዘሮ ውብነሽ ከእግር እስከ ራሳቸው አይተዋቸው «ልጄ የፊታውራሪ ኃይለመለኮት የልጅ ልጅ ልጅ ናት፤ በእንክብካቤ ያዛት» ያሏቸው ያኔ ነው።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት፤ ድምፃቸው ድንገት የችሎት ድምፅ ሆነ። «ጸዳለ፣ አንቺም ቁጠሪ።»

«ጸዳለ የውብነሽ። ውብነሽ የከበቡሽ። ከበቡሽ የፊታውራሪ ኃይለመለኮት።»

የዳኛው ጣቶች ተነሱ። «በእሷ አራት። በእሱ አምስት። ሰባት ሊሞላ ቀርቶ ስድስትም አልገባ!» ጣቶቻቸውን እንዳጠፉ ቀና አሉ። «እናንተ ሰዎች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር?»

ኔተን በክረምቱ የሠለጠነበትን ሙያ መቆጣጠር አልቻለም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። «ወይዘሮ ጸዳለ ከጋሽ ዓብዩ አባት ጋር እኩል ትውልድ ናቸው።»

«ስለዚህ በአባቱ በኩል አክስቱ ናቸው ማለት ነው» አሉ አቶ መስፍን።

«አክስትህ ነኛ!» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ። «በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ በለኝ።»

«ጋብቻው አይጸናም» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት። «አዝናለሁ፤ እንጀራ የበላሁበት ቤት ነው፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ነገሩ በካህናት እስኪታይ ድረስ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ ክፍል አያድሩም።»

«ከሥር ቤዝመንት አላቸው» አሉ አቶ መስፍን ተቆርቋሪ ሆነው። «ዓብዩ፣ ሻወር አለው?»

«ሀፍ ባዝ ነው፤ ሽንት ቤት ብቻ» አሉ አቶ ዓብዩ ሳያስቡት።

አቶ ዓብዩ ዙሪያቸውን ቃኙ። የመረጧቸው ሽማግሌዎች በያዙት ሕግ እሳቸውን እየቀጡ ነው፤ ሳሌም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋን ልትውጥ ትታገላለች፤ ወንበራቸውን ፈረንጅ ይዞታል። ወይዘሮ ጸዳለ ተጠግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ዓብዩ፣ ምርጫው ያንተ ነው። ወይ ፊታውራሪውን ፍታው፣ ወይ እኔን ፍታኝ።»

አቶ ዓብዩ ሚስታቸውን አዩ። ያች ሴት ከሌለች እሳቸው ምን ናቸው? ቤዝመንት ውስጥ ያለ ሱፐርቫይዘር ናቸው።

«አጋሰስ ነጂ ነበሩ» አሉ ድምፃቸው በቅጡ ከአፋቸው ሳይወጣ።

«ምን ነበሩ?» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ጆሯቸውን አቅርበው።

«አጋሰስ ነጂ!» ጮኹ አቶ ዓብዩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። «የፊታውራሪ አጋሰስ ነጂ ነበሩ! ፊታውራሪው ማን እንደነበረ አላውቅም! የነጂውንም ስም አላውቅም! ወልደገብርኤል የሚባል ሰው አልነበረም!»

«የእኛን አጋሰሶች ነድተው ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

ሳሌም ለሚስስ ኤሊነር ተረጎመች። አሮጊቷ ጥቂት አስበው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሳቸውንም ሳሌም እየሳቀች ወደ አማርኛ መለሰችው። «ቢያንስ የእርስዎ ሰው ከሥራ አይቀሩም ነበር።»

አቶ ዓብዩ ሳቁ። ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ጭነት የተራገፈለት አጋሰስ እንዲህ ሳይቀልለው አይቀርም። ተነስተው በልጃቸውና በኔተን ራስ ላይ እጃቸውን ጫኑና፣ በዕድሜያቸው አጭሩን ንግግር አደረጉ፦ «ውለዱ፣ ክበዱ። አንተ ደግሞ ሲወለድ ቤት ሁን።» ሳሌም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ ተቀመጡ፤ ምሳም ቀረበ።

እነሆ ታሪኩ ሰውን ከከንቱ ኩራት የሚያድን ትምህርት ሆኖ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ፣ አቶ ዓብዩ ከጌይተርስበርግ በመጡ እንግዶች ተከበው ተገኙ። ጨዋታው ስለ ሞርጌጅ ነበር።

«የምን ሞርጌጅ!» ይላሉ አቶ ዓብዩ። «ይህ የምታዩት ሕፃን እኮ በአባቱ በኩል የኮሎኔል ኤቤንዘር ዘር ነው! አሜሪካን ከመመሥረቷ በፊት የጠበቋት ኮሎኔል! በልምምድ የሚያህላቸው አልነበረም ይባላል!»

ወይዘሮ ጸዳለ ሕፃኑን ታቅፈው በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ዓብዩ፣ ተጠንቀቅ» አሉ። «ይሄኛውም ዘመዴ ከሆነ ቤዝመንት ትወርዳለህ።»